ፎርጅድ የሕዋ ጀግኖች፦ ከከተማ ዳር ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በርካሽ የሚሸጡ ፎርጅድ የሳይንስ ፊክሽን አሻንጉሊቶችን ስለ መሰብሰብ ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልን ብለን ነበር። ደብዳቤዎቹ በአብዛኛው የመጡት ከአዲስ አበባ ዳር ነው፤ ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከየካ አባዶ፣ ከለገጣፎ፣ ከቡራዩ፣ ከሰበታ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። ካያችኋቸው ብልሽቶች አብዛኞቹ የደረሱት አሻንጉሊቱ ከምን እንደተሠራ ሳይታወቅ በመነካቱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን መልስ ረዘም አድርገነዋል፤ ሌሎቹም በእሱ ላይ የቆሙ ናቸው።

ጥያቄ (ከኮዬ ፈጬ)፦ አምስት የሕዋ ወታደሮችና ሁለት ሮቦቶች አሉኝ። ሻጩ ሁሉም ያው ላስቲክ ናቸው ብሎኝ ነበር። አንዱን በአሴቶን (በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) ስጠርገው ፊቱ ቀለጠ፤ ሌላው ግን ቀለሙ ብቻ ለቀቀ እንጂ ምንም አልሆነም። ለምን?

መልስ፦ ሁለቱ አንድ ዓይነት ላስቲክ ስላልሆኑ ነው። ፊቱ የቀለጠው ኤቢኤስ ወይም ፖሊስታይሪን የሚባለው ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ የሪሞት ቀፎ የሚሠራበት ዓይነት። አሴቶን እሱን ያሟሟዋል። ምንም ያልሆነው ደግሞ ጀሪካንና የሃይላንድ ክዳን ከሚሠሩበት ከፖሊኢትሊን ወይም ከፖሊፕሮፒሊን ወገን ነው፤ አሴቶን አይደፍረውም። ሦስተኛው ወገን ፒቪሲ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚለብሰው ለስላሳ ነገር። በፎርጅድ አሻንጉሊት ላይ ጭንቅላት፣ እጅና ካባ ብዙ ጊዜ ለስላሳ ፒቪሲ ናቸው። ደረትና ጭን ደረቅ ኤቢኤስ ወይም ፖሊስታይሪን ይሆናሉ፤ ውስጡ ባዶ የሆነው ርካሽ አካል ደግሞ ፖሊኢትሊን። ሦስቱም በአንድ አሻንጉሊት ላይ ሊገኙ ስለሚችሉ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻው መለየት ያስፈልጋል።

መለያው ውሃና ጨው ነው። ሁለት ሰፊ ጣሳ ያዘጋጁ። በአንዱ 1 ሊትር ንጹህ ውሃ ያድርጉ። በሌላው 1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ላይ 200 ግራም ጨው፣ ማለትም የአንድ ኪሎ እሽግ አንድ አምስተኛ፣ ጨምረው ከታች አንድም ፍሬ እስከማይቀር ድረስ ያማስሉና እስኪቀዘቅዝ ይተዉት። ከዚያ የነቀሉትን ክንድ ወይም ጭንቅላት በንጹሁ ውሃ ውስጥ ይልቀቁት። ከተንሳፈፈ ፖሊኢትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው። ከሰጠመ አውጥተው በጨው ውሃው ውስጥ ይልቀቁት። እዚያ ወደ ላይ ከመጣ ኤቢኤስ ወይም ፖሊስታይሪን ነው፤ እዚያም ከሰጠመ ፒቪሲ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ውሃን 1 ብንለው ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ከ0.90 እስከ 0.96፣ ኤቢኤስና ፖሊስታይሪን ወደ 1.05፣ ይህ የጨው ውሃ ወደ 1.12፣ ለስላሳ ፒቪሲ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 1.2 እና ከዚያ በላይ ይመዝናሉ።

ፈተናው የሚያሳስተው አየር ሲያዝ ነው። ባዶ ጭንቅላት ከፒቪሲ ቢሠራም አየሩ ያንሳፍፈዋል፤ ስለዚህ ውሃው ውስጥ እንዳለ ጨምቀው አየሩን ያስወጡ። በጣቶች መሐል የሚቀሩት ትናንሽ አረፋዎችም እንዲሁ ያታልላሉ፤ አንድ ጠብታ ላርጎ ቢጨምሩ ይለቃሉ። ውስጡ ቪቴ ወይም ባትሪ ያለበትን አካል ሳይፈቱ አይሞክሩ፤ ብረቱ ወደ ታች ይጎትተዋል፣ ጨዉም ያዝገዋል። ሲጨርሱ ሁሉንም በንጹህ ውሃ አለቅልቀው በጥላ ያድርቁ።

በክብሪት አቃጥለው ከሚያወጣው ሽታ የሚለዩ ሰዎች አሉ። ይህን አታድርጉ። ፒቪሲ ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ የሚባል ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል፤ የጨው ውሃው የሚነግራችሁን ያህልም አይነግራችሁም።

ለማጽዳት ሦስቱንም የማይጎዳው ለብ ያለ ውሃ፣ ሁለት ጠብታ ላርጎና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ነው። አሴቶንን ከቤት አውጡት። አልኮልም ቢሆን በእነዚህ ላይ ያለውን ቀለም በቀላሉ ስለሚያነሳ፣ ቀለሙን ሆን ብላችሁ ልታነሱ ካልሆነ በቀር አያስፈልግም።

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)፦ የአንዱ የብርሃን ሰይፍ እንደ ቀንድ ተጣሟል። ሌላው ደግሞ እግሩ ወደ ኋላ ስለሚጎብጥ አይቆምም። በፈላ ውሃ ይቃናል ሲሉ ሰማሁ።

መልስ፦ ይቃናል፤ ግን ፒቪሲ ብቻ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን ወደ 92 ዲግሪ ነው። ለስላሳ ፒቪሲ በ70 እና በ80 ዲግሪ መሐል በደንብ ስለሚላላ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ኤቢኤስ ግን ለመላላት ከ100 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ የኛ የፈላ ውሃ ምንም አያደርገውም። ሞቋል ብለው ቢታገሉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ስለዚህ መጀመሪያ የጨው ውሃውን ፈተና።

ውሃው ከፈላ በኋላ ወደ ወፍራም ኩባያ ቀድተው ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይጠብቁ። ሰይፉን ለ30 ሰከንድ፣ ወፍራሙን እግር ለ1 ደቂቃ ያህል ይንከሩት። አውጥተው በጠፍጣፋ ነገር ላይ ያቃኑትና ከሚፈለገው በትንሹ አሳልፈው ወደ ሌላው ጎን ያጉብጡት፤ ሲቀዘቅዝ ጥቂት ይመለሳልና። በዚያው ቅርጽ እንደያዙት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ያቆዩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሙቁን አቃንቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ውስጡ ገና ትኩስ ስለሆነ ቀስ እያለ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

ከሳምንታት በኋላ እንደገና ከጎበጠ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ፋብሪካው አሻንጉሊቱን ሳይቀዘቅዝ ከሞልዱ፣ ማለትም ከመቅረጫው፣ ስላወጣው ያን ቅርጽ ይዞ ቀርቷል፤ ፒቪሲውን ለማለስለስ የሚጨመረው ዘይትም በዝቶበታል። እንዲህ ላለው እግር ከውስጥ ሽቦ ማስገባት ነው፤ አሠራሩ ከታች የጥገናው መልስ ላይ አለ።

ጥያቄ (ከየካ አባዶ)፦ ጓደኞቼ ፎርጅድ መሰብሰብ ቆሻሻ መሰብሰብ ነው ይሉኛል። እውነት ዋጋ አለው?

መልስ፦ አለው፤ ግን የትኛው ፎርጅድ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው የኦሪጅናሉን ሳጥን፣ ስምና ምልክት አስመስሎ ኦሪጅናል ነኝ የሚል ነው። ይህ ማጭበርበር ነው፤ ለሰብሳቢም የሚሰጠው ነገር የለም፣ የሚጥረው ላለመለየት ነውና። ሁለተኛው ስሙን የቀየረ፣ ቀለሙን ያቀያየረ፣ የአንዱን ጭንቅላት ከሌላው አካል የገጠመ ነው። ለመሰብሰብ የሚገባው ይህኛው ነው። የፊልሙን ሮቦት ፖሊስ፣ ሮቦኮፕን፣ «ሮበርት ኮፕ» ብሎ የሸጠው አሻንጉሊት በዓለም ሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቀው በዚህ ነው።

ታሪኩም ረጅም ነው። ኬነር የተባለው የአሜሪካ አሻንጉሊት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1978 የስታር ዋርስን ፊልም አሻንጉሊቶች ወደ 9.5 ሳንቲ ሜትር በሚጠጋ ቁመትና በ5 መገጣጠሚያ አወጣ፤ አንገት፣ ሁለት ትከሻ፣ ሁለት ዳሌ። ያ መጠንና ያ አሠራር ለሌሎች መለኪያ ሆነ፣ ለመቅዳትም ቀላል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኦሪጅናሉ በማይገባባት ፖላንድ ትናንሽ ሠሪዎች በራሳቸው ሞልድ እያወጡ፣ በእጅ ቀለም እየቀቡ በገበያ ይሸጡ ነበር። በቱርክ ደግሞ «ኡዛይ»፣ ማለትም «ሕዋ»፣ የተባለው ተከታታይ ወጣ። ከእነሱ አንዱ ቀይ ካባ ለባሹ ዘብ ሲሆን ካርቶኑ ላይ «ሄድ ማን» የሚል የራሱ ስም ተሰጥቶታል። ዛሬ የኡዛይ አሻንጉሊት ካርቶኑን እንደያዘ ከተገኘ ከብዙዎቹ ኦሪጅናሎች በላይ ይሸጣል። እንዲያውም የፎርጅዱ ፎርጅድ መጥቷል፤ አዲስ ካርቶን በሻይ አቅልሞ አሮጌ የሚያስመስል። በሻይ የተነከረ ካርቶን ወጥ በሆነ መልክ ይቀላል። በዕድሜ የቀላ ግን ከጠርዙና ፀሐይ ካገኘው ጎን ይጀምራል፤ ላስቲኩ ወይም አሻንጉሊቱ የሸፈነው ቦታ ነጣ ብሎ ይቀራል።

አንድ ምሳሌ በቅርብ እንይ፤ ከመንገድ ዳር የሚገኝ ብርማ ሮቦት። ከጆሮው እስከ ትከሻው የሞልዱ ስፌት እንደ ክር ይታያል፣ በጥፍር ሲነካ ይሻክራል። የቀበቶው ጥቁር ቀለም መስመሩን አልፎ ጭኑ ላይ ፈሷል። ደረቱ ላይ ያሉት ቁልፎች በኦሪጅናሉ ላይ ጠርዝ አላቸው፤ እዚህ ግን እንደ ቀለጠ ሻማ ዶልዱመዋል። ሁለቱም እጆቹ የግራ ናቸው። ቁመቱ ከኦሪጅናሉ 2 ሚሊ ሜትር ያንሳል። መዶልዶሙና ማነሱ አንድ ምክንያት አላቸው፦ ሞልዱ የተሠራው ከንድፍ ሳይሆን ከኦሪጅናሉ አሻንጉሊት ላይ ነው፤ በላዩ የፈሰሰው ፕላስቲክ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ከ1 እስከ 3 በመቶ ይኮማተራል። ከኮፒው ላይ ሌላ ኮፒ ከተወሰደ እንደገና ያንሳል። ስለዚህ በማስመሪያ ለክቶ ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ መገመት ይቻላል።

ሁለቱን ግራ እጆች «ላስተካክል» አይበሉ። አሻንጉሊቱን ከሌላው የሚለየው እሱ ነው።

«የቻይና ነው» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ፎርጅድ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ኦሪጅናሎቹም በብዛት የሚመረቱት ቻይና ነው። መታየት ያለበት ከእግሩ ሥር ወይም ከጀርባው የባለመብቱ ስምና ዓመተ ምሕረት መታተሙ ነው። በፎርጅዱ ላይ ይህ ቦታ ተፍቆ ለስላሳ ሆኖ ይገኛል፣ ወይም ፊደሉ ደብዝዞ አይነበብም። ሲሸጡም ሆነ ሲለዋወጡ ፎርጅድ መሆኑን ይናገሩ፤ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የንግድ ምልክትን ይጠብቃልና ኦሪጅናል ብሎ መሸጥ ጣጣው ብዙ ነው።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ በካርቶን አሽጌ ያስቀመጥኳቸው ሲወጡ ይጣበቃሉ፣ ላብ ያላባቸው ይመስላሉ። አንዱ ላይ ደግሞ የጋዜጣ ጽሑፍ ታትሞበታል።

መልስ፦ ላብ የመሰለው ፒቪሲውን ለማለስለስ የተጨመረው ዘይት ወደ ውጭ ሲወጣ ነው። ርካሹ ፒቪሲ ውስጥ ዘይቱ ብዙ ነው፤ ሙቀትና መታፈን ያፋጥኑታል። በፌስታል ጠቅልሎ ማሰር ደግሞ የባሰ ነው፣ የወጣው ዘይት መሄጃ ስለሚያጣ እላዩ ላይ ይቀራል።

ለብ ባለ ውሃና በላርጎ አጥበው፣ አለቅልቀው፣ በጥላ ለአንድ ቀን ሙሉ ያድርቁ። ከዚያ በጣም ስስ የሕፃናት ፓውደር በደረቅ ብሩሽ ቀብተው ትርፉን ያራግፉ። ከወራት በኋላ ይመለሳል፤ ያኔ ድገሙት። በአልኮል ደጋግሞ መጥረግ ዘይቱን ከውስጥ እየሳበ ላስቲኩን ስለሚያደርቀውና ስለሚያሰነጥቀው አይመከርም።

ሌላው አደጋ መነካካት ነው። ከፒቪሲው የሚወጣው ዘይት አጠገቡ ያለውን ኤቢኤስ ወይም ፖሊስታይሪን ያሟሟል። ለስላሳ ካባ ለወራት የተደገፈበት ደረት ላይ የካባው ቅርጽ ተቀርጾ ይቀራል፣ ያ ደግሞ አይጠገንም። ካባውን አውልቀው ለብቻው ያስቀምጡ። መጠቅለያው ጽሑፍ የሌለበት ነጭ ወረቀት ይሁን፤ የጋዜጣ ቀለም ወደ ፒቪሲ ከገባ በኋላ በማጠብ አይወጣም።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ ልጄ 4 ዓመቷ ነው። ከአጎቷ ስብስብ እየወሰደች ትጫወታለች፣ አንዳንዴም ታኝካቸዋለች። ያሳስበኛል።

መልስ፦ እህታችን፣ መስጋትዎ ትክክል ነው። በአውሮፓ ሕግ ዋና ዋናዎቹ የማለስለሻ ዘይት ዓይነቶች በልጆች መጫወቻ ውስጥ ከ0.1 በመቶ እንዳይበልጡ ተወስኗል። በአሜሪካ ደግሞ በመጫወቻ ቀለም ውስጥ ያለ ሊድ የተባለ መርዛማ ብረት ከሚሊዮን 90 እጅ መብለጥ የለበትም። ፎርጅዱን ግን ማንም አልመረመረውም፤ በዓይን አይቶ መለየትም አይቻልም። እነዚህ የትልቅ ሰው መደርደሪያ ዕቃዎች ናቸው፤ ለማኘክ ዕድሜ ላይ ላለ ልጅ አይሰጡም። ከነካችም በኋላ ከምግብ በፊት እጇን በሳሙና ያስታጥቧት።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስፈራው ግን ደረታቸው የሚበራው ናቸው። ውስጣቸው የሰዓት ባትሪ የሚመስል ክብ ባትሪ አለ፣ የርካሾቹ ክዳን ደግሞ ብዙ ጊዜ ቪቴ የለውም፤ በጥፍር ይከፈታል። ልጅ ከዋጠችውና ጉሮሮ ላይ ከቀረ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሥጋውን ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስበት ይችላል፤ ባትሪው ደክሞ ባያበራም እንኳ። ከዋጠች ወይም ዋጠች ብለው ከጠረጠሩ እንድታስመልስ አያድርጉ፣ ምልክት እስኪታይም አይጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷትና ባትሪ ነው ብለው ይንገሯቸው። አንድ ዓይነት ባትሪ ወይም አሻንጉሊቱን ይዘው ቢሄዱ ለሐኪሙ ይረዳል። አጎቷ ዛሬውኑ ባትሪዎቹን ሁሉ አውጥተው በሚቆለፍ ቦታ ያስቀምጡ።

ለትናንሽ ክፍሎች ቀላል መለኪያ አለ፤ የሶፍት ጥቅል መሐል ያለው የካርቶን ቱቦ። በእሱ ውስጥ የሚያልፍ ሽጉጥ፣ እጅ ወይም ራስ ቁር ሁሉ ለትንሽ ልጅ የመታነቅ አደጋ ነው።

ጥያቄ (ከሰሚት)፦ የት ልፈልግ? ስገዛስ ምን ልይ?

መልስ፦ ለአዲሶቹ መርካቶ ነው። ጅምላ ሻጮች በደርዘን ስለሚሸጡ፣ ሦስት አራት ሰብሳቢዎች ሆኖ አንድ ደርዘን መካፈል ከዳር ሰፈር ሱቅ አንድ አንድ ከመግዛት ይሻላል። በደርዘኑ ውስጥ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉና ገንዘብ ሳይከፈል ይታይ። ለገናና ለእንቁጣጣሽ ሰሞን በታክሲ ተራዎችና በኮንዶሚኒየም መግቢያዎች መንገድ ዳር ብዙ ዓይነት ይዘረጋል። ለአሮጌዎቹ ሚናሌሽ ተራን፣ ቆራሌዎችንና ልዋጮችን ይጠይቁ። ቆራሌው የሚፈልገው ብረትና ጠርሙስ ስለሆነ አሻንጉሊት ብዙ ጊዜ ከከረጢቱ ታች ነው የሚገኘው። ምን እንደሚፈልጉ በስልክዎ ፎቶ ያሳዩት፣ በየሳምንቱ ያንኑ ሰው ያግኙ።

ሲገዙ መጀመሪያ ካርቶኑን ይዩ፤ ስሙ የተጻፈው እዚያ ነውና ካርቶን የሌለው አሻንጉሊት ግማሽ ታሪኩን አጥቷል። ቀጥሎ ሳይከፍቱ ቀስ ብለው ያንቀጥቅጡት፤ ውስጥ የሚንኳኳ ነገር የተሰበረ መገጣጠሚያ ወይም የወጣ ባትሪ ነው። መገጣጠሚያዎቹን በዓይን ይቁጠሩ። በትከሻና በዳሌ ዙሪያ ነጭ ጭረት ካለ ፕላስቲኩ ሊሰነጠቅ ተዘጋጅቷል። የቀለም መዛነፍ አያስፈራዎ። ኃይለኛ ሽታ ካለው ቤት እንደገባ ከልጆች ርቆ አየር በሚያገኝ ጥላ ቦታ አንድ ሳምንት ያህል ይቆይ።

የገዙበትን ቀን፣ ቦታና ዋጋ በእርሳስ ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፈው ከካርቶኑ ጋር ያኑሩት። ወደ ከተማችን ምን ዓይነት አሻንጉሊት መቼ እንደገባ የሚጽፍ ካልኖረ ማንም አያውቀውም። ማሸጊያውን መክፈት ካለብዎት ከታች በኩል በምላጭ ሦስቱን ጎን ብቻ ቆርጠው እንደ በር ይክፈቱት፤ ከካርቶኑ ላይ መገንጠል ሥዕሉን አብሮ ይልጠዋል።

ጥያቄ (ከዓለም ባንክ)፦ የተሰበረ ክንድ በሱፐር ግሉ አጣበቅሁ፤ በማግስቱ ወደቀ። ሌላው ተጣብቋል ግን ዙሪያው ነጭ ጭጋግ ሆነ። ቀለምም ልቀባቸው እፈልጋለሁ።

መልስ፦ የወደቀው ፖሊኢትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው። ገጹ እንደ ሰም ስለሆነ ሱፐር ግሉ አይዘውም፤ ምንም ያህል ቢጨምሩ ያው ነው። መድኃኒቱ ሽቦ ነው። ከወረቀት መያዣ ክሊፕ ወደ 1 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ያለው ሽቦ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቁረጡ። በ1 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ፣ ማሽን ሳይሆን በጣት እያሽከረከሩ፣ በሁለቱም ስባሪዎች መሐል 5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይብሱ። ሁለቱ ቀዳዳዎች ፊት ለፊት እንዲገጥሙ በአንደኛው ስባሪ ላይ ነጥብ ቀለም አድርገው ከሌላው ጋር ይጫኑት፤ ቦታው ይታተማል። ሽቦውን በብርጭቆ ወረቀት ካሻከሩት ገፍተው ሲያስገቡት በራሱ ይይዛል። የሚጎብጠው እግር ውስጥ የሚገባውም ይኸው ነው፤ ከተረከዝ ወደ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል።

ነጭ ጭጋጉ የሱፐር ግሉ ትነት ነው። ብዙ ሲደረግና በተዘጋ ቦታ ሲቀመጥ ይመጣል። አንድ ጠብታ በመርፌ ጫፍ ይበቃል፣ እስኪደርቅም አየር በሚያገኝበት ይቀመጥ። ለኤቢኤስና ለፒቪሲ በዚህ መንገድ በደንብ ይይዛል።

ለላላ መገጣጠሚያ ሱፐር ግሉን ትተው ነጩን የእንጨት ኮላ ይጠቀሙ። ክንዱን ነቅለው ኳሱ ላይ ስስ አድርገው ቀብተው 24 ሰዓት አድርቀው ይግጠሙት፤ ካልበቃ ይድገሙ፣ ከበዛ በጥፍር ይላጣል። የጠበቀ መገጣጠሚያ ከሆነ የመጻፊያ እርሳስ ብናኝ ይንዙበት። የሞተር ዘይትና ግሪስ ደረቁን ፕላስቲክ ሊያሰነጥቁት ይችላሉ፣ የምግብ ዘይት ደግሞ ቆይቶ እንደ ሙጫ ይሆናል።

ቀለምን በተመለከተ አንድ ከባድ ክልከላ አለ። በለስላሳ ፒቪሲ ላይ የዘይት ቀለም ወይም የሚረጭ የመኪና ቀለም አይቀቡ። ማለስለሻ ዘይቱ ወደ ቀለሙ ስለሚገባ ከዓመት በኋላም አይደርቅም፤ አቧራና ጣት እየያዘ ይኖራል። ከሥዕል ዕቃ መደብር የሚገኘውን በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ይጠቀሙ። በላርጎ ታጥቦ በደረቀ ገጽ ላይ፣ ወተት እስኪመስል አቅጥነው፣ ከ2 እስከ 3 ጊዜ ስስ ስስ አድርገው ይቀቡ፤ በየመሐሉ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። የድሮውን ቀለም መፋቅ ካለብዎት ብናኙ ሊድ ሊኖርበት ስለሚችል የብርጭቆ ወረቀቱን በውሃ እያራሱ ይፈግፍጉ፣ ከምግብ ማዘጋጃ ቦታም ይራቁ። ያልተለመደ ፎርጅድ ከሆነ ግን የፋብሪካውን ቀለም እንዳለ መተው ይሻላል፤ አንዴ ከተሸፈነ የሚፈለገው ነገር ሄዷል።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ ተማሪ ነኝ። የሮቦቴ ደረት መብራት አልበራ አለ፣ ባትሪ ብቀይርም ያው ነው። ስከፍተው ነጭ ዱቄት ነበረበት።

መልስ፦ ወንድማችን፣ ነጩ ዱቄት ከባትሪው የፈሰሰ አልካላይን ደርቆ ነው። በባዶ እጅህ አትንካው፣ ዓይንህንም ጠብቅ። ባትሪዎቹን አውጣ፤ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ኮምጣጤ ነክረህ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ጥረገው፣ ቀጥለህ በጥቂቱ በውሃ የራሰ ጥጥ፣ ከዚያ በአልኮል፣ መጨረሻ ላይ ሙሉ ቀን አድርቀው። የብረት መገናኛው ካልጠራ በትንሽ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈግፍገው።

አሁንም ካልበራ ባትሪው ትክክለኛው መሆኑን አረጋግጥ። «ኤጂ 13» እና «ኤጂ 10» ሁለቱም 11.6 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላላቸው ይምታታሉ፤ ቁመታቸው ግን 5.4 እና 3.1 ሚሊ ሜትር ነው። አጭሩን በረጅሙ ቦታ ካስገባህ መገናኛው አይደርስም። የመደመር ምልክቱንም ተመልከት፤ እነዚህ መብራቶች ዲዮድ ስለሆኑ ተገልብጦ ከገባ አይበሩም። ይህም ካልሆነ የቀረው የተበጠሰ ሽቦ ነው። አልካላይኑ መጀመሪያ የሚበላው ሽቦው መገናኛው ላይ የተበየደበትን ቦታ ነው። ጀርባውን በትንሽ ካቻቢቴ ከመፍታትህ በፊት ቪቴዎቹን ከየትኛው ቀዳዳ እንዳወጣሃቸው ፎቶ አንሳ፤ ርዝመታቸው ይለያያልና ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ደረቱን ይበሳል። ብየዳውን ሞባይል ጠጋኝ ጋ ውሰደው፤ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ለማሳየት ካልሆነ በቀር ባትሪ ውስጡ አታሳድር።

ጥያቄ (ከአሸዋ ሜዳ)፦ ቤታችን ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። መደርደሪያው የት ይሁን?

መልስ፦ ከጣሪያው በተቻለ መጠን ዝቅ ይበል። በበጋ ቀትር ላይ ሙቀቱ የሚከማቸው ከቆርቆሮው ሥር ነው፤ ፒቪሲው የሚያልበውና እግሩ የሚጎብጠውም ያኔ ነው። የደረት ከፍታ ላይ፣ ውጭውን ፀሐይ በማይመታው ግድግዳ በኩል ያድርጉት። ከመስኮት ፊት ለፊት አይሁን፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታው ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራልና እዚህ ቀይ ቀለም ቶሎ ይነጣል፣ ነጭ ኤቢኤስም ቢጫ ይሆናል። ቆመው የሚቀመጡትን ከጀርባ ደግፏቸው፣ ወይም በካርቶን ሳጥን ውስጥ በጀርባቸው አስተኟቸው።

ክረምት ሲገባ የሚጎዳው ካርቶኑና ቪቴው እንጂ ላስቲኩ አይደለም። ሳጥኑን ከሲሚንቶ ወለል በእንጨት ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉት፣ ከግድግዳውም አራት ጣት ያህል አርቁት። ከጫማ ካርቶን የሚገኙትን እርጥበት መሳቢያ ከረጢቶች ሰብስባችሁ ከካርቶኖቹ መሐል አኑሩ። ዝናቡ ባቆመባቸው ቀናት ክዳኑን ከፍታችሁ ለሁለት ሰዓት ያህል አናፍሱት።